ለአንድ እሑድ ጨዋታ የገደልኩት አጎቴ

ፒያሳ ተቀምጠው የድሮ ቅርጫት ኳስ የሚያወሩ ሽማግሌዎች አሉ። ሲያዩኝ ደስ ይላቸዋል። «ፍስሃ እኮ ነው! ያ ረጅሙ! ለጮራ ስምንት ዓመት የተጫወተው!» እያሉ ላላወቀኝ ሰው ያስተዋውቁኛል። እኔም ማኪያቶዬን እያማሰልኩ አንገቴን እደፋለሁ። ትሕትና ይመስላቸዋል። ምን ትሕትና! ሐፍረት ነው እንጂ። ደግሞ ከመካከላቸው አንዱ «ለመሆኑ ለጮራ የመጀመሪያ ጨዋታህ ከማን ጋር ነበር?» ያለ እንደሆነ፣ ቀጠሮ አለብኝ ብዬ ባርኔጣዬን አንስቼ እወጣለሁ። የምን ቀጠሮ! በዚህ ዕድሜዬ ቀጠሮ ያለኝ ከመቃብር ጋር ብቻ ነው።

እንግዲህ ዛሬ ልናገረው። ሰባውን አልፌያለሁ፤ የማፍረውን ያህል አፍሬ ጨርሻለሁ ብዬ ነበር፤ አላለቀም።

ዘመኑ ሃምሳ ሰባት ነው፣ እኔ ሃያ አንድ ዓመቴ። የምጫወተው ለአትክልት ተራ ቡድን ነበር። ቡድኑን ያቋቋሙት ጋሼ ኑሪ ናቸው፤ የድንችና የሽንኩርት ጅምላ ነጋዴ፣ ጉራጌ፣ ቁመታቸው ከደረቴ የማይደርስ። እሳቸው ኳስ አንጥረው አያውቁም። አንድ ቀን ወወክማ ግቢ ጨዋታ አይተው መጡና «እነዚህ ልጆች ከሚደባደቡ ይህን ይጫወቱ» ብለው ከመጋዘናቸው ጀርባ እንጨት አስተከሉ፣ ከበርሜል አፍ ላይ የወጣ ብረት አስበየዱ፣ በቃ፣ ቅርጫት ሆነ። ተጫዋቾቹ ተሸካሚዎች፣ ሱቅ ጠባቂዎች፣ እንደኔ ትምህርት ያቋረጡ ቦዘኔዎች ነበርን። መለያችን አረንጓዴ ስለነበር አራዳ ሙሉ «ጎመኖች» ይለን ነበር። ስንሸነፍ «ዛሬስ ጎመኑ በሰለ?» ይሉናል፤ ስናሸንፍ «ኧረ ጎመኑ ጥሬ ነው!» ይላሉ። የአራዳ ልጅ አፍ መቼ ዝም ብሎ ያውቃል።

አባቴ የሞተው በአሥራ አራት ዓመቴ ነው። እናቴ፣ ስሟ ለተክርስቶስ ነው፣ ወፍጮ ቤት እየሠራች አሳደገችኝ። እኔ ግን ማደግ አላቆም አልኩ፤ በአሥራ ሰባት ዓመቴ እግሬ የሚገባበት ጫማ ከተማው ውስጥ ጠፋ። ጋሼ ኑሪ እጄን ይዘው ጣሊያን ጫማ ሰፊ ዘንድ ወሰዱኝና አሰፉልኝ። ጣሊያኑ እግሬን ሲለካ ቢስቅ «ሳቅ፣ ሳቅ፤ ይህ እግር አንድ ቀን ስም ያስጠራል» አሉት። እንግዲህ እኒህን ሰውዬ ነው የዋሸኋቸው።

ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ የመብራት ዕቃ የሚያስመጣ ኩባንያ ነበር። ጮራ የሚባል ቡድን ነበረው፤ ነጭ መለያ፣ አርመን አሰልጣኝ፣ የራሱ አውቶቡስ። የሠራተኛ አስተዳዳሪው አቶ ወልደጊዮርጊስ አንድ ማክሰኞ ቢሮአቸው አስጠሩኝ። ወንበር ሰጡኝ። ወንበር ሲሰጡኝ ነው ነገሩ ከባድ መሆኑን ያወቅኩት።

«የመጋዘን ጸሐፊ ትሆናለህ» አሉኝ። «ቋሚ ሠራተኛ። ከሰዓት በኋላ ልምምድ ነው፤ ልምምዱም እንደ ሥራ ሰዓት ይቆጠርልሃል።»

ለኳስ ደመወዝ! ያን ጊዜ ይህን ለሰው ብትነግረው «ለመሳቅስ ይከፍላሉ?» ይልህ ነበር።

«ግን» አሉ አቶ ወልደጊዮርጊስ፣ «እሑድ ደብረ ዘይት ከወታደሮች ቡድን ጋር እንጫወታለን። ዋናው ዲሬክተር ራሳቸው ይመጣሉ። እሑድ ሲጫወት ያዩት ሰው ሰኞ ይቀጠራል። ካልመጣህ ሌላ ረጅም ሰው አናጣም።»

እሑድ! በዚያው እሑድ ጎመኖች ወደ አንደኛ ዲቪዚዮን ለመግባት የመጨረሻው ጨዋታ ነበረን። አራት ዓመት የደከምንበት። ከቡድኑ ነጥብ ግማሹን የማስቆጥረው ደግሞ እኔ ነበርኩ።

አሁን «ሄደህ እውነቱን አትነግራቸውም ነበር?» እንደምትለኝ አውቃለሁ። ብነግራቸው ጋሼ ኑሪ መርቀው ይሸኙኝ ነበር። ይህን ያኔም አውቀው ነበር። ግን ይሉኝታ የሚባል ነገር አለ። ዓይናቸውን አይቼ «በዚች እሑድ ትቻችሁ እሄዳለሁ» ማለት አቃተኝ። ከዚያ ይልቅ ሰው መግደል ቀለለኝ።

የገደልኩት አጎቴን አጽብሐን ነው። የእናቴ ታናሽ ወንድም፣ በአስመራ መንገድ የጭነት መኪና የሚያሽከረክር፣ ቤቱ ደብረ ብርሃን። እናቴ በዓለም ላይ የቀራት የእናቷ ልጅ እሱ ብቻ ነው። ታዲያ ለምን እሱን መረጥክ በለኝ። ሩቅ ስለሆነ! ሌላ ምክንያት የለኝም።

ቅዳሜ ጠዋት መጋዘናቸው ሄድኩ። ጋሼ ኑሪ የበሰበሰ ሽንኩርት እየለዩ ነበር።

«ጋሼ፣ አጎቴ አርፏል። ደብረ ብርሃን። ዛሬ ከሰዓት ነው ቀብሩ» አልኩ።

ሽንኩርቱ ከእጃቸው ወደቀ። «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አሉና ጭንቅላቴን ወደ ታች ስበው ትከሻቸው ላይ አስደገፉት። «ቆይ፣ መኪናውን ላስነሳ። አብረን እንሂድ። ብቻህንማ አትሄድም።»

ደነገጥኩ። የሽንኩርት መኪናቸው ደጅ ቆሟል፤ ሹፌሩም እዚያው አለ። ያን ጊዜ ነው ያቺን ብልጠት የጨመርኩት። «አይ ጋሼ! እናቴ ገና አልሰማችም። ሠፈሩ ከተንቀሳቀሰ ታውቃለች። ልቧ ደካማ ነው፤ እባክዎን ለማንም እንዳይነግሩብኝ። ስመለስ እኔው በዘዴ እነግራታለሁ።» ስናገር እንባዬ መጣ። የሐፍረት እንባ ነው፤ እሳቸው ግን የሐዘን መሰላቸው።

«እሺ ልጄ፣ እሺ። ሩጥ፣ ቀብሩ እንዳያመልጥህ» አሉ። ስለ ጨዋታው አንዲት ቃል አልተነፈሱም።

በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ! ከመጋዘኑ ስወጣ እንዴት ያለሁ ብልጥ ነኝ ብዬ ነበር። ለእናቴ ለጨዋታ ደብረ ዘይት እንደምሄድ፣ እዚያው አድሬ እሑድ ማታ እንደምመለስ ነገርኳት። ለእሷ የነገርኳት እውነት ነው። እሷ የማታውቀውን ጋሼ ኑሪ ያውቃሉ፣ ጋሼ ኑሪ የማያውቁትን እሷ ታውቃለች፤ ሁለቱ ካልተገናኙ ምን ይመጣል? እሑድ ተጫውቼ፣ ሰኞ ተቀጥሬ፣ ከዚያ ሽማግሌ ልኬ እታረቃለሁ። አጽብሐንም ከሞት አስነሳዋለሁ፣ «ወሬው ስህተት ነበር» ብዬ። ምን ይከብዳል!

የረሳሁት ነገር ሕፃን የሚያውቀው ነው። እኛ ዘንድ ሞት የራስህ ጉዳይ አይደለም። ወንድሟ የሞተባት ሴት ሳይነገራት ውላ ስትስቅ፣ ስትበላ፣ ገበያ ስትሄድ ማየት ነውር ነው፤ እያወቀ ዝም ያለ ሰው አይኑን ወደ እሷ ማንሳት አይችልም። መርዶም ወግ አለው፤ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ በማለዳ፣ ቤቷ ተሂዶ ነው የሚነገረው። እኔ «እናቴ አልሰማችም» ባልኩ ጊዜ በር የዘጋሁ መስሎኝ ነበር። ለጋሼ ኑሪ ግን ሥራ ሰጠኋቸው።

በኋላ የቡድናችን ልጅ መድኃኔ እንደነገረኝ፣ ጋሼ ኑሪ ያን ቅዳሜ እህል አልበሉም። «ልጁ ቀብሮ ደክሞ መጥቶ፣ ደግሞ እናቱን ብቻውን ሊያረዳ ነው? እኛ የት ሄድን?» እያሉ ሲብሰከሰኩ ዋሉ። በመጨረሻ እኛ ሠፈር፣ እሪ በከንቱ፣ ወርደው የእናቴን የዕድር ዳኛ አቶ ኃይለማርያምን አማከሩ። እስላሙ ነጋዴና ክርስቲያኑ ዳኛ ተቀምጠው መከሩ። እሑድ ጎህ ሲቀድ መርዶውን ሊነግሩ ቆረጡ።

እኔ ያን እሑድ ደብረ ዘይት ላይ ሃያ ሁለት ነጥብ አስቆጠርኩ። ሌላው ሁሉ ይቅር፤ ያን ቀን ኳሱ እጄን ይወደው ነበር። የወረወርኩት ሁሉ ይገባል። አርመኑ አሰልጣኝ ከወንበሩ ተነስቶ ባርኔጣውን ይወረውራል። ዲሬክተሩ መጥተው እጄን ጨበጡና «ነገ በሦስት ሰዓት ቢሮ ና» አሉኝ። ነጭ መለያ፣ ነጭ ጫማ፣ ‹ጮራ› የሚል የተጻፈበት ሻንጣ ተሰጠኝ። በመመለሻው መንገድ አውቶቡስ ውስጥ ስንዘፍን መጣን። የእኔ ድምፅ ከሁሉም ይበልጥ ነበር።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ቴዎድሮስ አደባባይ ወረድን። ሻንጣዬን አንጠልጥዬ ወደ ፒያሳ ወጣሁ፣ ወርቅ ቤቶቹ መስታወት ላይ ራሴን እያየሁ። ከዚያ ወደ እሪ በከንቱ ቁልቁል ስወርድ ድንኳን አየሁ። እግዜር ያሳያችሁ፣ «ውይ፣ ማን ሞቶ ይሆን?» ብዬ አዘንኩ!

ጥቂት ስጠጋ ድንኳኑ የኛ በር ላይ መሆኑን አየሁ። እናቴ የሞተች መሰለኝ። የሰው አጥር ይዤ ቆምኩ። መድኃኔ ከሩቅ አይቶኝ እየሮጠ መጣና አቀፈኝ።

«አይዞህ ወንድሜ፣ አይዞህ። መንገዱ እንዴት ነበር? ለቀብሩ ደረስክ?»

«እናቴ…» አልኩ።

«ሰምታለች። አትቆጣን እንግዲህ። ጋሼ ኑሪ ናቸው ከሽማግሎቹ ጋር ያረዷት፤ በወጉ ነው የተነገራት። ዛሬውኑ ደብረ ብርሃን ካልሄድኩ ብላ ነበር፤ ፍስሃ ይመለስና ነገ በጋሼ ኑሪ መኪና ሁላችንም አብረን እንሄዳለን ብለን ያዝናት።»

ሻንጣውን ጽሑፉ እንዳይታይ ወደ እግሬ አዞርኩት። አፌ ግን ምን እንዳለ ታውቃለህ? «ጨዋታውስ?»

መድኃኔ የገረመው መሰለ። «የምን ጨዋታ? አንተ ለቅሶ ላይ ሆነህ እኛ ኳስ ልናንጥር? ለዳኞቹ ነግረን ተውነው። ከርሞ ሰው ይበለን።»

አራት ዓመት! ከርሞ ሰው ይበለን አለና ክንዴን ይዞ አስገባኝ።

ድንኳኑ ውስጥ ጎመኖቹ በሙሉ ነበሩ። የጋሼ ኑሪ ባለቤት ከሪማ፣ ክርስቲያኑም እስላሙም አብሮ እንዲበላ ሥጋ የሌለበት ይሁን ብላ፣ ከነጋ ጀምራ ዳቦና ንፍሮ ስታቀርብ ውላለች። ሰው ሁሉ ተነሳልኝ። አቶ ኃይለማርያም እጄን ያዙና ለድንኳኑ ሁሉ እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

«ይህን ልጅ እዩት! እናቱ እንዳትደነግጥ ለጨዋታ እሄዳለሁ ብሎ ወጥቶ፣ እንባውን ውጦ፣ ብቻውን ቀብሮ መጣ! እንዲህ ያለ ልጅ ይስጣችሁ!»

«አሜን!» አለ ድንኳኑ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ተቀመጥኩ። ንፍሮ ተሰጠኝ፣ ጨበጥኩት። አሁን እናገራለሁ፣ ይህ ሰውዬ ይውጣና እናገራለሁ፣ ያ ሽማግሌ ጸሎቱን ይጨርስና እናገራለሁ እያልኩ ቀረሁ። ልዋሽህ አልፈልግም፤ ሌላም አስቤያለሁ። አጽብሐ ይህን ጊዜ አስመራ መንገድ ላይ ነው፤ ነገ ደብረ ብርሃን ብንሄድ ቤቱ አናገኘውም፤ እዚያ ደርሼ አንድ ነገር እፈጥራለሁ እያልኩ ነበር። እናቴ ከውስጥ ስታለቅስ እየሰማሁ ነው ይህን የማስበው። እንዲህ ያለ ሰው ነበርኩ።

ሴቶቹ መጥተው ወደ ውስጥ ወሰዱኝ።

እናቴ መሬት ላይ ነበረች። ፀጉሯን ተላጭታለች። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ፣ ጉንጮቿን ቧጥጣ፣ ደሙ ደርቆ። ትናንት ትቻት የወጣሁት ሴት አይደለችም። ስታየኝ አላለቀሰችም፤ ድምፅ አልቀረላትም።

«ወደይ» አለችኝ፤ በትግርኛ ልጄ ማለቷ ነው፤ ሲጨንቃት እንዲህ ነበር የምትለኝ። «መጣህልኝ? ደረስክለት?»

አጠገቧ ቁጢጥ አልኩ።

«ፊቱን አየኸው?»

ራሴን ነቀነቅኩ። አዎ ለማለት ይሁን አይደለም ለማለት እኔም አላወቅኩም። እሷ ግን አዎ አደረገችው።

«የት አሳረፋችሁት?»

«ሥላሴ» አልኩ። ከአፌ ወጣ። አንድ ጊዜ የጀመረ አፍ ያውቅበታል።

«አፈር አልብሰኸዋል? በእጅህ?»

«አዎ፣ እማዬ።»

ያን ጊዜ ሁለቱን እጆቼን ሳበችና መዳፎቼን ትስም ጀመር። «ይህ እጅ ይባረክ። እኔ ያልደረስኩለትን የደረሰ እጅ። ወንድሜን አፈር ያለበሰ እጅ» እያለች ግራውን ትስማለች፣ ቀኙን ትስማለች። እጄ ገና የኳስ ቆዳ ይሸታል። ደብረ ዘይት ላይ ሃያ ሁለት ነጥብ ያስቆጠረ እጅ ነው የምትስመው! ዲሬክተሩ የጨበጡትን እጅ ነው!

«አልሞተም!» ብዬ ጮህኩ።

ሴቶቹ ያዙኝ። «ውይ በሞትኩት! ሐዘኑ አሳበደው! ውኃ አምጡ!» አሉ።

«አላበድኩም! አጽብሐ አልሞተም! ዋሽቼ ነው!» አልኩ። ማን ይመነኝ? አንዷ ፊቴ ላይ ጠበል ረጨችብኝ። የዋሸሁትን ሁሉ በአንድ ቃል አምነውኝ፣ እውነቱን ስናገር እንደ እብድ ክንዴን ጠምዝዘው ያዙኝ። መንጭቄ ወጣሁና ሻንጣውን ከድንኳኑ አግዳሚ ሥር አምጥቼ እናቴ ፊት ዘረገፍኩት። ነጩ መለያ በላቤ እንደራሰ ወጣ። ጫማው ወጣ። ‹ጮራ› የሚለው ጽሑፍ ሁሉም ፊት ወጣ።

«ደብረ ብርሃን አልሄድኩም። ደብረ ዘይት ነበርኩ። ለሌላ ቡድን ኳስ ስጫወት ነው የዋልኩት። ለጋሼ ኑሪ መንገር ስላፈርኩ ነው አጽብሐ ሞተ ያልኩት።»

እናቴ መለያውን አየች፣ እኔን አየች።

«አጽብሐ አለ?»

«አለ።»

«ማርያምን በል።»

«ማርያምን፣ አለ።»

ትመታኛለች፣ ትረግመኛለች ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። እልል አለች! ድምፅ የላትም ያልኩህ ሴትዮ፣ በተቧጠጠ ጉንጯ፣ በተላጨ ራሷ፣ ሦስት ጊዜ እልል አለች። መሬቱን ሳመች። ጎረቤቶቿን አንድ በአንድ አቅፋ «ወንድሜ አለ! ወንድሜ አለ!» ትላለች፣ ትስቃለች። እኔን ማየት ትዝም አላላትም። የፊቷ ቁስል ሁለት ወር ሳይጠፋ ቆየ፤ ሁለት ወር ሙሉ እያየሁት ምሳዬን በላሁ።

ጋሼ ኑሪ እልልታውን ሰምተው ገብተው በሩ ላይ ቆመው ነበር። ሁሉን ሰምተዋል። መለያውን ጎንበስ ብለው አነሱ፣ አገላብጠው አዩት። አሁን በጥፊ ይሉኛል አልኩ፤ ደስም አለኝ። ቢመቱኝ እዳዬ ይቀልልኝ ነበር። እሳቸው መለያውን አጥፈው አልጋው ጫፍ ላይ አስቀመጡት።

«አልሐምዱሊላህ» አሉ። «እንኳን ዋሸኸን፣ ልጄ። እንኳን ውሸት ሆነ። በሕይወት ሳለ ሞተ የተባለ ሰው ዕድሜው ይረዝማል፤ ለሰውየው ዕድሜ ነው።»

ከዚያ ወደ ድንኳኑ ዞረው ልጆቹን ተጣሩ። «ተነሱ እናንተ! ሰውየው ደህና ነው፤ የምሥራች ነው። ድንኳኑን አንሱ፣ አግዳሚውን ለዕድሩ መልሱ።»

ጎመኖቹ ተነሱ። አንዳቸውም አልተሳደበም። ያ በአፉ ሰው የሚገድል የአራዳ ልጅ ሁሉ አፉን ዘግቶ ገመድ ይፈታል፣ ካስማ ይነቅላል። እኔም ምን ላድርግ፣ ወጥቼ አንዱን የድንኳን ቋሚ ያዝኩና መንቀል ጀመርኩ። መድኃኔ መጥቶ ከእጄ ላይ ቀስ አድርጎ ወሰደው።

«ተው ፍስሃ፣ ሂድ ዐረፍ በል» አለኝ። «አንተ ስትጫወት ነው የዋልከው፤ ደክሞሃል።»

በሽሙጥ ቢሆን ኖሮ አንገቱን አንቄው፣ ተደባድበን፣ ከዓመት በኋላ ስቀንበት ያልፍልኝ ነበር። ፊቱን አየሁት። ከልቡ ነበር ያለኝ።